የአያቴ በገና ተጎድቶ ደረሰኝ፤ ቆዳው ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የእንጦጦ ልጅ | ኅዳር 6

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

አያቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ዘመድ ስለ ቤቱና ስለ ቦታው ሲነጋገር እኔ «በገናውን ለእኔ» አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። አጎቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በካርቶን አሽጎ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ በሻንጣ አመጣልኝ። ብርድ ልብሱ በደህና ደርሷል።

በገናው ግን እንዲህ ሆኗል። ከላይ የተጋደመው እንጨት፣ ቀንበሩ፣ ከግራው ምሰሶ ጋር የሚገናኝበት ላይ ስንጥቅ አለ፤ ስጫነው ይከፈታል። ገበቴው (ከታች ያለው የድምፅ ሣጥኑ) ላይ የተወጠረው ቆዳ ከፊት በኩል መዳፌን የሚያህል ተቀዷል፣ ጠርዙም ደርቆ ወደ ውጭ ተጠቅልሏል። ከአሥሩ አውታሮች ስድስቱ አንጀት ናቸው። ሦስቱን ማን እንደቀየራቸው እንጃ፣ ናይለን ናቸው። አንዱ ጭራሽ የለም። ከኋላ ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሳነሣው ሥሩ ላይ ቢጫ ዱቄት አገኛለሁ።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ እኔም የራሴን ጨመርኩበት። እዚህ ሰፈር ጊታር ለሚጠግን ሰውዬ ወሰድኩለት። ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገውና «ዝዝ የሚለው በእነዚህ ነው» ብሎ ከአውታሮቹ ሥር የነበሩትን ቁርጥራጭ ቆዳዎች ለቃቅሞ አወጣቸው። 140 ዶላር ከፈልኩ። አሁን ድምፁ ጥርት ብሏል። ግን የአያቴ በገና አይደለም። የተወጠረ ላስቲክ ስነካ ነው የሚመስለው። ደግነቱ ቆዳዎቹን በፖስታ አድርጎ ሰጥቶኛል። ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው።

ዋናው ጥያቄዬ የገበቴው ቆዳ ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ቀይሪው ይለኛል። ግን ከተቀደደው ዝቅ ብሎ አያቴ በእጃቸው የሣሉት መስቀል አለ፤ አጠገቡ በቀለም «1954» ተጽፏል። ቆዳው ከተቀየረ እሱም ይሄዳል። ለዐቢይ ጾም ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ዋንዛ | ኅዳር 6

ነፍስ ይማር እህቴ። እኔ አዲስ አበባ በገናና ክራር እሠራለሁ፣ አባቴም ሲሠራ ነው የኖረው። ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ቆዳው ይቀየር።

የበገና ቆዳ ማለት የጫማ ሶል ማለት ነው። ያልቃል፣ ይቀየራል። ጥሬ የበሬ ቆዳ አንድ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ እርጥብ እንዳለ ገበቴው ላይ ተወጥሮ ከጀርባ በጠፍር ይሰፋል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ያንቺ ቆዳ ግን መያዝ አቁሟል። ዛሬ ብትለጥፊው አሥሩ አውታር የተወጠረ ቀን ከጎኑ ይቀደድብሻል። መስቀሉን ቆርጠሽ በፍሬም አድርጊና ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

ቀንበሩ አያሳስብሽም። ብቻ ሱፐር ግሉ እንዳትነኪ። አንድ ጊዜ ሱፐር ግሉ የጠጣ እንጨት ሌላ ኮላ አይቀበልም። እየፋቅኩ ያወጣሁበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊታር ጠጋኝ | ኅዳር 7

ለዚያ ሰውዬ ትንሽ ልከራከርለት። ሥራዬ እሱ ነው፣ የምሠራውም አውሮፓ ነው። ጊታር ዝዝ ካለ በሽታ አለበት ማለት ነው። ወይ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ተበልቷል፣ ወይ አንገቱ ታጥፏል። ተምረን የወጣነው ዝዝታን ለማጥፋት ነው። ጥፋቱ አለመጠየቁ ነው። የማላውቀው መሣሪያ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ ባለቤቱን «እስቲ ደህና በነበረበት ጊዜ የተቀዳ አሰማኝ» እላለሁ።

የህንድ ታምፑራ ላይም ይኸው ነገር አለ። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የጥጥ ክር ያስገባሉ። ክሩን ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉት አውታሩ ማንጎራጎር ይጀምራል። የእኛው ቆዳ ሥራውም ያው ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ደጋግሞ ይነካል፣ በዚያ ምክንያት ቀጫጭን ድምፆች ከወፍራሙ ላይ ይወለዳሉ። በገና ወፍራም ሆኖ ሳለ ከሩቅ ጎልቶ የሚሰማው በእነሱ ነው።

አሁን ሳትውዪ ሳታድሪ አንድ ነገር አድርጊ፤ አውታሮቹን በሙሉ አላሊ። የተሰነጠቀ ቀንበር ውጥረት ተሸክሞ ማደር የለበትም። ቀጥሎ የእርጥበት መለኪያ ግዢ፣ ውድ አይደለም። ክረምት ላይ ማሞቂያ ሲበራ የቤት አየር ከ25 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ለእንጨትና ለቆዳ ከ45 እስከ 55 ጥሩ ነው።

ደርዳሪው | ኅዳር 7

ልጄ፣ አያትሽን ነፍስ ይማርልን።

እነዚያ ሰባት ቁርጥራጮች ስማቸው እንዚራ ነው። አሥር ነበሩ፣ ለአንድ አውታር አንድ። በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ፣ በበርኩማው፣ መካከል ይገባሉ፣ አውታሩን «ሀ» ፊደል መስለው ያቅፉታል። ሰውዬሽ በ140 ዶላር የበገናውን ምላስ ነው የቆረጠው። ደግነቱ የሚመለስ ምላስ ነው።

እኔ ስማር መምህሬ አንድ ወር ሙሉ እንዚራ ብቻ ነው ያስያዙኝ። መደርደር የለም። አንዱን አውታር እየነካሁ እንዚራውን በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው፣ መለስ ሳደርገው እውል ነበር። ወደፊት ከበዛ ድምፁ ይታፈናል። ወደ ኋላ ከበዛ ደረቅ ይሆናል፣ አሁን አንቺ የምትሰሚው ዓይነት። መካከል ላይ የጠጉር ስፋት የምታህል ቦታ አለች። እዚያ ሲደርስ አውታሩ ይሞላል፣ ነክተሽው እጅሽን ካነሣሽ በኋላም ይቆያል። ቦታዋ ለየአውታሩ ይለያያል። እርጥበት ሲቀየርም ትቀየራለች። ስለዚህ አያትሽ ከመደርደራቸው በፊት ጎንበስ ብለው በርኩማው ላይ የሆነ ነገር ሲነካኩ አይተሽ ከሆነ፣ ያ ነው።

የጋሽ ዓለሙ አጋን ቅጂ በደህና የጆሮ ማዳመጫ ስሚ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በገና ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቀረ። የጎደለሽ ድምፅ እሳቸው ዘንድ ምን እንደሚመስል ከሰማሽ በጆሮሽ ይዘሽው ትሠሪያለሽ።

የእንጦጦ ልጅ | ኅዳር 7

ጋሼ፣ ዕንባዬ መጣ። አዎ፣ ጎንበስ ይሉ ነበር! ሁልጊዜ። ልጅ ሆኜ የሚጸልዩ ነበር የሚመስለኝ።

ደርዳሪው | ኅዳር 7

ሁለቱንም ያደርጉ ይሆናል።

ብራና ፋቂ | ኅዳር 8

ዋንዛ፣ «ቆርጠሽ በፍሬም» ያልከውን እንደ ቀልድ ልውሰደው።

እኔ የጥንት ብራና መጻሕፍት እጠግናለሁ። ብራናም ያው ጥሬ ቆዳ ነው፤ ተፍቆ፣ ተወጥሮ የደረቀ። የአባቶቻችንን መጻሕፍት ገልጠህ ብታይ ቅጠሉ ተቀዶ በጅማት የተሰፋ ሞልቷል። ጸሐፊው ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል እንጂ ቅጠሉን አይጥለውም። ያ ሰው ቆዳ አጥቶ ነው?

እህቴ፣ 1954 ላይ የተወጠረ ቆዳ ከነጢሱ፣ ከነላቡ፣ ከነመስቀሉ አንድ ነው ያለው። ከተነሣ አይመለስም። ጥገናው ካልያዘ ደግሞ መቀየሩ የትም አይሄድብሽም። የሚመለሰውን አስቀድሚ።

ስለ ቀለሙ ተጠንቀቂ። የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ ነው የሚሠራው። ጥቀርሻው ራሱ አይለቅም፣ የያዘው ሙጫ ግን ውኃ ሲያገኝ ይሟሟል። የእርሳስ ጫፍ በምታህል ጥጥ፣ በምራቅ ያህል እርጥበት፣ ከቁጥሩ ጠርዝ ላይ ሞክሪ። ጥጡ ከጠቆረ እዚያ አካባቢ እርጥብ ነገር አታስጠጊ።

ሌላው፣ ሙቅ ውኃ በፍጹም። ያረጀ ጥሬ ቆዳ ሙቀት ሲያገኝ እንደ ፕላስቲክ ይጨማደዳል። ከዚያ ወዲያ ማንም አያቃናውም።

ዋንዛ | ኅዳር 8

ወንድሜ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በገና ይወጠራል። ጭነት ያለበትንና የሌለበትን አታቀላቅል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው «እንዲጮህልኝ እፈልጋለሁ» ነው የሚለው፣ ሙዚየም አይደለሁም።

ብራና ፋቂ | ኅዳር 8

ጭነቱ የሚያርፈው በርኩማው ላይ ነው፣ በርኩማው ደግሞ ከቅዱ በታች ነው አይደል? እህቴ፣ ፎቶ ካለሽ እስቲ በርኩማውና ቅዱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለኪልን።

የእንጦጦ ልጅ | ኅዳር 8

ለካሁ። ከበርኩማው እስከ ቅዱ ጫፍ አራት ጣት አለ። ቅዱ ወደ ላይኛው ጥግ ነው የሄደው።

ዋንዛ | ኅዳር 9

አራት ጣት ከሆነ… እሺ። ሞክሪው። ግን ተናግሬያለሁ።

ክራሬ | ኅዳር 9

በዚሁ አጋጣሚ፣ እኔ ክራሬ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አስሬበት በርኩማው ተሰብሮብኛል። ምን ላድርግ?

ዋንዛ | ኅዳር 9

ብስክሌት ግዛ።

ነቀዝ ጠላ | ኅዳር 9

ሁላችሁም ስለ ቆዳ ስትጨቃጨቁ ዱቄቱን ማን አየው? ቢጫ ዱቄት በየቀኑ የሚገኝ ከሆነ ውስጡ ያለው ነቀዝ በሕይወት አለ። ዛሬ ብትጠግኚው ለእሱ ነው የምትጠግኚለት። ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ወዳለ ሌላ እንጨት ይሻገራል።

መርዝ አትርጪበት። ቆዳውንም ቀለሙንም ያበላሻል፣ ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ የምትደረድሪውም ነገር ነው። ሙዚየሞች የሚያደርጉት ማቀዝቀዝ ነው። አውታሮቹን አውርጂ። በገናውን በንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልዪ፣ አየሩን አስወጥተሽ በፕላስተር እሸጊው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ስታወጪው ፕላስቲኩን ቶሎ እንዳትከፍቺ! ሙሉ ቀን ከነመጠቅለያው ክፍል ውስጥ ይደር። አለበለዚያ ላብ የሚያልበው በገናው ራሱ ይሆናል።

ደርዳሪው | ኅዳር 9

በገና ፍሪዘር ውስጥ? ከዶሮው ጎን?

ነቀዝ ጠላ | ኅዳር 9

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከነቀዙ ዶሮው ይሻላል።

የእንጦጦ ልጅ | ኅዳር 17

በገናው ከአንድ ሜትር በላይ ስለሆነ የቤቴ ፍሪዘር አልበቃውም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የማውቃቸው ሴትዮ ምግብ ቤት አላቸው። እንደ ሬሳ ሣጥን የተኛ ትልቅ ፍሪዘር አይቼ ነበርና ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ የገና ጾም ገብቶ ሥጋ የሚበላ የለም፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ አምጪው» አሉኝ። ፕላስቲኩ ላይ በማርከር «ሥጋ አይደለም» ብለው ጻፉበት።

ሌላ ሰው | ኅዳር 18

ወደ አገር ቤት ልኬ ላሠራው ብለሽ ብታስቢ ወረቀቱን አስቀድሚ። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ያረጁ ነገሮች ከአገር ሲወጡ ፈቃድ ይጠይቃል። አስገብተሽ መልሰሽ ለማውጣት እንዳትቸገሪ። ሲወጣ የተሰጠ ወረቀት ካለ አጎትሽን ጠይቂው።

የእንጦጦ ልጅ | ታኅሣሥ 5

ከፍሪዘር ወጣ። አንድ ቀን ተኩል ሳልነካው ቆይቼ ፈታሁት። ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጬው ሰነበትኩ፣ እስካሁን ዱቄት የለም። ነቀዝ ጠላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ቀንበሩ ልገባ ነው። ኮላው የትኛው ይሁን?

ጊታር ጠጋኝ | ታኅሣሥ 5

ከቆዳ የሚሠራው፣ በጥራጥሬ የሚሸጠው ኮላ። ቫዮሊን የሚጠግኑ ሰዎች የሚገዙበት አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር ያብጣል፣ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ላይ አስቀምጠሽ እስከ 60 ዲግሪ ታሞቂዋለሽ። መፍላት የለበትም፣ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። በመርፌ ወደ ስንጥቁ አስገቢ፣ በሞርሳ ያዢ፣ 24 ሰዓት ተዪው። ደስ የሚለው ነገር ካበላሸሽ በእርጥበትና በሙቀት ይለቃል። እንደገና ትጀምሪያለሽ።

ዋንዛ | ታኅሣሥ 5

ከደረቀ በኋላ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሚበት። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን እንደ ቀለበት ያጠብቀዋል። አባቴ ኮላም አይጠቀምም ነበር፣ ጠፍር ብቻ።

የእንጦጦ ልጅ | ታኅሣሥ 9

አበላሸሁ። ጋራዥ ውስጥ ነው የሠራሁት፣ ብርዱ ከባድ ነበር። ኮላውን አስገብቼ ሞርሳውን እስካጠብቅ ድረስ ጄሊ ሆነ። በማግስቱ ሞርሳውን ስፈታው ስንጥቁ «ደህና አደርሽ» ብሎ ተከፈተ።

ጊታር ጠጋኝ | ታኅሣሥ 9

ሁላችንም ላይ ደርሷል። ክፍሉን አሙቂ፣ እንጨቱንም በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጊው። ለቆዳው ግን አታስጠጊው። ሞርሳውን ያለ ኮላ አንዴ አጥብቀሽ ተለማመጂ። እጅሽ ከለመደ በኋላ ኮላ።

የእንጦጦ ልጅ | ታኅሣሥ 14

ያዘ! ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሠራሁት፣ ምድጃው በርቶ። ጠፍሩንም ጠመጠምኩ። ባለቤቴ «ቀንበሩ ከእኛ ትዳር በላይ ጠብቋል» አለኝ።

ብራና ፋቂ | ታኅሣሥ 15

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቅዱን እንዲህ አድርጊው።

መጀመሪያ የተጠቀለለው ጠርዝ ይለስልስ። በኃይል ለመመለስ ብትሞክሪ እንደ ደረቅ እንጀራ ቀሽ ብሎ ይሰበራል። ክዳን ያለው ትልቅ ፕላስቲክ ሣጥን ፈልጊ። በአራቱም ጥግ እርጥብ ስፖንጅ በሳህን አስቀምጪ፣ በገናውን እንዳይነካ። አንድ ቀን ይቆይ፣ ከዚያ በጣትሽ ሞክሪው። ካልለሰለሰ አንድ ቀን ጨምሪ። ከሦስት ቀን አታሳልፊ፣ ሻጋታ ይወጣል። ገበቴው በሣጥኑ ካልገባ ሣጥኑን አፉን ወደ ታች ገልብጠሽ ቅዱ ላይ ድፊው።

ጠርዙ ሲለሰልስ ሁለቱን ከንፈሮች ጎን ለጎን አገናኚ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይወጣ። ከሥር ደግሞ ስስ የፍየል ብራና ይለጠፋል። ማጣበቂያው የስንዴ ስታርች ነው፤ ከውኃ ጋር ቀስ ብሎ የተቀቀለ፣ በወንፊት ያለፈ፣ እንደ ወፍራም አጥሚት። ከቆዳው ደካማ ነው፣ የፈለግነውም እሱን ነው። ውጥረት ቢበዛ ማጣበቂያው ይልቀቅ እንጂ ቆዳው አይቀደድ።

የእንጦጦ ልጅ | ታኅሣሥ 15

ከሥር እንዴት ነው የምለጥፈው? ገበቴው ዝግ ነው። እጄ አይገባም፣ ጣቴ ብቻ ናት በቅዱ የምትገባው።

ጊታር ጠጋኝ | ታኅሣሥ 15

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ። የተሰነጠቀ ጊታር ፊት ከውስጥ የምንለጥፍበት ዘዴ አለ። ብራናውን ከቅዱ በጣት ስፋት በየጎኑ አስበልጠሽ ቁረጪ። መሐሉ ላይ በወስፌ በአንድ መስመር ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብሺ፣ ክር አሳልፊባቸው፣ የክሩ ጫፎች በውጭ ይቅሩ። ስታርቹን ቀቢ፣ ብራናውን ጠቅለል አድርገሽ በቅዱ አስገቢው። ከዚያ ክሮቹን ወደ ውጭ ሳቢ፤ ብራናው ከውስጥ ወጥቶ ቆዳው ላይ ይለጠፋል። ከውጭ በኩል ቅዱ ላይ የጥርስ መፋቂያ የሚያህል እንጨት አጋድሚና ክሮቹን እሱ ላይ እሰሪ። እንጨቱ ሥር ቅባት የነካው ወረቀት አድርጊ፣ እንዳይጣበቅ። ሲደርቅ ክሩን ቆርጠሽ ሳቢው።

ዋንዛ | ታኅሣሥ 15

ይሄ ደህና ዘዴ ነው። (እኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም።)

የእንጦጦ ልጅ | ጥር 20

ጠፋሁ አይደል? ገናና ጥምቀት መሐል ገቡ። ደግሞ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሣጥኑን ደፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልነካሁትም።

ቅዳሜ ለት ልጆቹን ለአባታቸው ትቼ ጀመርኩ። ቀለሙን በጥጥ ሞከርኩት፣ ጥጡ በትንሹ ጠቆረ። ስለዚህ ከመስቀሉ አካባቢ ደረቅ አድርጌ ራቅኩ። ክሮቹን ስስብ አንዱ ቀዳዳውን ቀዶ ወጣ፣ ሌሎቹ ያዙ። በማግስቱ ስፈታው ቅዱ ቀጭን መስመር ሆኗል። ይታያል። መታየቱን ልደብቀው አልፈለግኩም፣ ስቱኮም ቀለምም አልነካሁትም። በጣቴ ነካ ሳደርገው «ዱም» አለኝ። ከበሮ ነው የሚመስለው።

ናይለኖቹን ልጥላቸው?

ደርዳሪው | ጥር 20

እጅሽ ይባረክ።

ናይለኑን አትናቂው። ዛሬ አገር ቤት ብዙ በገና በናይለን ነው የሚታሰረው፣ እርጥበት እንደ አንጀት አይነካውም። ግን ከአንጀት ጋር አደባልቀሽ አትሰሪ። ናይለን እየተለጠጠ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንጀት በአየሩ ይወጣል ይወርዳል። ሁለቱ አይግባቡም፣ ስትቃኚ ትውያለሽ። ወይ ሁሉንም ናይለን፣ ወይ ሁሉንም አንጀት። አያትሽ በአንጀት ከነበሩ በአንጀት ይሁን።

ለመጀመር አሥሩም አያስፈልጉሽም። እኔ በተማርኩበት መንገድ የሚመታው ስድስቱ ነው፣ የቀሩት ጣት ያርፍባቸዋል። አሥሩንም የሚነኩ ደርዳሪዎችም አሉ። ያሉሽ ስድስት አንጀቶች ጤነኞች ከሆኑ በእነሱ ጀምሪ። ጤነኛ መሆናቸውን ለማወቅ በጣትሽና በጣትሽ መሐል አንሸራቺ፤ ጠጉር ያወጣ ካለ እሱ ሊበጠስ ነው።

ዋንዛ | ጥር 21

አራት የበግ አንጀት አውታር ከዚህ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው አስይዤ ልኬልሻለሁ። ለሦስቱ እንዚራ ደግሞ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆዳ ጨምሬበታለሁ፤ ከአሮጌ በገና የወጣች ስለሆነች ደርቃለች፣ ውፍረቷም ልክ ነው። አዲስ ቆዳ ለእንዚራ አይሆንም፣ ድምፅ ይውጣል።

ገንዘብ አልፈልግም። ለሚቀጥለው ሙሉ ቆዳም አለኝ፣ አውቀሽ ግቢ።

ብራና ፋቂ | ጥር 21

አይቻለሁ የመጨረሻዋን መስመር።

ዋንዛ | ጥር 21

እንድታያት ነው የጻፍኳት።

የእንጦጦ ልጅ | የካቲት 19

ዕቃው ደረሰ። ዋንዛ፣ ምን ልበልህ። ፖስታው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ ያመጣችው ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ኪሎ ነበራት።

ጋሼ ደርዳሪው ደግሞ ትናንት ማታ በስልክ አንድ ሰዓት ተኩል አብረውኝ ነበሩ፣ እዚያ ሊነጋ ሲል። እኔ አውታሩን እነካለሁ፣ እሳቸው «ገፋ… ገፋ… ኧረ በዛ፣ መልሺ» ይላሉ። ሰባቱ የአያቴ እንዚራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ላይ የተላጠች መስመር አለቻቸው፤ አውታሩ ለዓመታት የነካባት። እሷን ይዤ ስመልሳቸው ቦታቸውን ወዲያው አገኙ ማለት ይቻላል። ሦስቱ አዲሶቹ ናቸው ያደከሙን። አራተኛው አውታር ላይ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ንብ የገባ መስሎኝ ዞር አልኩ።

እናቴ ከላይኛው ፎቅ ወረደች። ምንም አላለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ደርዳሪው | የካቲት 19

እኔም በስልክ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው አውታር ገና ነው፣ እንዚራውን ትንሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። ሌላው ደህና ነው።

የእንጦጦ ልጅ | መጋቢት 11

ለምትጠይቁኝ፣ ቅዱ ይዟል። ሙሉ ውጥረት ላይ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። በየማለዳው በባትሪ አያለሁ፣ መስመሩ አልሰፋም። የእርጥበት መለኪያው 48 ላይ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቷል። የዘጠነኛው አውታር መቃኛ ቀንበሩ ላይ አይቆምም፣ ተቃኝቶ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይንሸራተታል። ጨርቅ ጨመርኩበት፣ አሁንም ያው ነው።

ጊታር ጠጋኝ | መጋቢት 11

ጠመኔ። የቫዮሊን መቃኛ ሲንሸራተት ጠመኔ ነው የምንቀባው። ጨርቁን ፍቺው፣ ቀንበሩን ጠመኔ እሺው፣ መልሰሽ ጠምጥሚ።

የእንጦጦ ልጅ | መጋቢት 12

ከልጄ ቦርሳ ሮዝ ጠመኔ ሰረቅኩ። ነጭ አልነበራትም። ዘጠነኛው ቆሟል፣ ቀንበሩ ግን ሮዝ ሆኗል።

ደርዳሪው | መጋቢት 12

በጨርቅ ጥረጊውና የዛሬውን ትምህርት እንጀምር። ማታ በሦስት ሰዓት እደውላለሁ።